በትንሽ ገንዘብ የሞዴል አውሮፕላንን ጉልበት መጨመር፦ ሞተርና ፕሮፔለር እንዴት ይመረጣል?

በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ያለው ሰው አንድ ቀን "ይሄ ነገር ጉልበት አነሰው" ማለቱ አይቀርም። ከእጅ ሲለቀቅ ወደ መሬት ይወርዳል። ትንሽ ነፋስ ሲገጥመው ባለበት ይቆማል። አፍንጫውን ቀና ሲያደርጉት ይዝላል። ያኔ ወዲያው የሚታሰበው ትልቅ ሞተር ነው።

እኔ የምመክረው ሌላ ነው። ከሞተሩ በፊት አንድ ዋት ሜትር፣ ማለትም አምፔር፣ ቮልትና ዋት የሚያነብ መለኪያ፣ እና ሁለት ሦስት ፕሮፔለር ግዙ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደህና ነው፤ ያልተስማማው ፊቱ ላይ የታሰረው ፕሮፔለር ነው። ፕሮፔለር ደግሞ ከዕቃው ሁሉ ርካሹ ነው። ሞተር መቀየር ግድ ቢሆን እንኳ የትኛውን መግዛት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ያው መለኪያ ነው።

ስሌቱ ግልጽ እንዲሆን አንድ አውሮፕላን ይዘን እንሂድ። ከፎም ቦርድ የተሠራ መለማመጃ ነው። ከነባትሪው 900 ግራም ይመዝናል። የክንፉ ስፋት 25 ዴሲ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ባትሪው 3ኤስ ሊፖ (ባለ ሦስት ሴል ሊቲየም ፖሊመር)፣ 2200 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። የእናንተ ከዚህ ቢለይ ቁጥሩን ቀይሩ፤ መንገዱ ያው ነው።

አንደኛ፦ ከነባትሪው መዝኑት

የኩሽና ሚዛን ይበቃል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት አትመኑ፤ ማጣበቂያው፣ ጥገናው፣ የተጨመረው ጎማ ሁሉ ይመዝናል። ሊበር በተዘጋጀበት ሁኔታ፣ ባትሪው ውስጡ እንዳለ መዝኑት።

ከዚያ ስንት ዋት እንደሚያስፈልገው ይታወቃል። የኤሌክትሪክ ሞዴል አብራሪዎች በልምድ የያዙት መለኪያ አለ። ቀስ ብሎ ለሚንሳፈፍ አውሮፕላን በኪሎ ከ110 እስከ 150 ዋት ይበቃል። ለመለማመጃ ከ150 እስከ 200 ዋት። ለስፖርትና ለቀለል ያለ አክሮባት ከ200 እስከ 250 ዋት። አፍንጫውን ወደ ሰማይ አቁሞ እንዲንጠለጠል ለሚፈለግ 330 ዋትና ከዚያ በላይ። አሜሪካኖቹ "በፓውንድ 100 ዋት" የሚሉት ወደ ኪሎ ሲመለስ 220 ዋት ነው። ይህ ሁሉ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል እንጂ ፕሮፔለሩ ላይ የሚደርሰው አይደለም።

የእኛ 900 ግራም መለማመጃ እንግዲህ ከ135 እስከ 180 ዋት ይፈልጋል። 3ኤስ ባትሪ ጭነት ሲገባበት 11 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ስለዚህ የምንፈልገው ከ12 እስከ 16 አምፔር ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ምርጫ ሁሉ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል።

ሁለተኛ፦ አሁን ያለውን ለኩ

ዋት ሜትሩ በባትሪውና በስፒድ ኮንትሮለሩ (የሞተሩን ፍጥነት በሚቆጣጠረው ዕቃ) መካከል ይገባል። አንዱ ጫፍ የባትሪ፣ ሌላው የጭነት ነው፤ ላዩ ላይ ተጽፏል። ቀይና ጥቁር እንዳይገለባበጥ ተጠንቀቁ። ክላምፕ ሜትር ያለው ሰውም በእሱ መለካት ይችላል፤ ብቻ ዲሲ የሚለካ መሆኑን ያረጋግጥ። ብዙዎቹ ርካሽ ክላምፖች ኤሲ ብቻ ነው የሚለኩት።

አውሮፕላኑን ጅራቱ በኩል ከማይነቃነቅ ነገር ጋር እሰሩት፣ ወይም ጎበዝ ሰው ከክንፉ ኋላ ሆኖ አጥብቆ ይያዝላችሁ። ከፕሮፔለሩ ትይዩ በጎን በኩል ማንም አይቁም። ምላጩ ቢሰበር የሚወረወረው ወደ ጎን ነው። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ የሹራብ ገመድ፣ ረጅም ጸጉር ሁሉ ይሰብሰብ። ልጆች ካሉ ራቅ ብለው ከኋላ ይዩ። ባለ 10 ኢንች ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል፤ ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም።

ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ማለትም 12.6 ቮልት። ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መስጫ) ቀስ ብላችሁ እስከ መጨረሻ ግፉ። ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ያዙና አምፔሩን፣ ቮልቱንና ዋቱን አንብቡ። ከዚያ ዝጉ። ሞተሩን ንኩት።

የምታገኙት መልስ ከሦስቱ አንዱ ነው።

ዋቱ ከሚፈለገው በታች ሆኖ፣ አምፔሩም ከሞተሩ ከፍተኛ ልክ ብዙ ርቆ፣ ሞተሩም ቀዝቃዛ ከሆነ ፕሮፔለሩ ትንሽ ነው። አዲስ ሞተር አያስፈልግም።

አምፔሩ የሞተሩ ከፍተኛ ልክ ላይ ደርሶ ዋቱ አሁንም ካልበቃ ሞተሩ ራሱ ትንሽ ነው። ያኔ ሞተር ይቀየራል።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ሙሉ የነበረ ባትሪ ስሮትል ሲሰጠው ወዲያው ከ10.5 ቮልት በታች ከወረደ ደካማው ባትሪው ነው። አርጅቷል፣ ወይም ላዩ ላይ የተጻፈው የ"ሲ" ቁጥር፣ ማለትም አምፔር የመስጠት አቅሙ፣ የውሸት ነው። እንዲህ ያለ ባትሪ ላይ ትልቅ ሞተር መጨመር ችግሩን ያባብሳል እንጂ አይፈታም። በተቻለ መጠን ጤነኛ ባትሪ ተውሳችሁ ልኬቱን ድገሙት። ልዩነቱ ያስገርማችኋል።

ሦስተኛ፦ ፕሮፔለሩን ምረጡ

ፕሮፔለር ላይ 9×6 ተብሎ ከተጻፈ የመጀመሪያው ቁጥር ዲያሜትሩ ነው፣ 9 ኢንች። ሁለተኛው ፒቹ ነው። ይህም አየሩ ሳያንሸራትተው ቢሆን ኖሮ ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው፣ 6 ኢንች። ፒችን እንደ መኪና ማርሽ አስቡት። ዝቅተኛ ፒች የእንጦጦን አቀበት በአንደኛ ማርሽ እንደመውጣት ነው፤ ይጎትታል እንጂ አይፈጥንም። ከፍተኛ ፒች ሜዳ ላይ ያፈጥናል፣ ከቆመበት መነሳት ግን ያቅተዋል።

ዲያሜትር ላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው፦ ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ኃይል በተመሳሳይ ዙር ከዲያሜትሩ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ከ9 ወደ 10 ኢንች ማለፍ ትንሽ ይመስላል። 10 ለ9 ተካፍሎ አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ግን 1.52 ይመጣል። 52 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ማለት ነው። በተግባር ሞተሩ ትንሽ ስለሚዘገይ ጭማሪው ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም 12 አምፔር ይጎትት የነበረው 16 እና 17 ሊገባ ይችላል። ፒች ግን በልኩ ነው የሚያድገው፤ ከ4.5 ወደ 6 ሲሄድ አንድ ሦስተኛ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ዲያሜትርን ቢበዛ በአንድ ኢንች ጨምራችሁ ወዲያው ለኩ። ሁለት ኢንች በአንዴ መዝለል ሞተር ማቃጠያ ነው።

ፍጥነቱን ደግሞ በቀላሉ ማስላት ይቻላል። በደቂቃ የሚዞረውን ዙር በፒቹ፣ ከዚያ በ0.0015 አባዙት። የሚመጣው ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ባለ 1000 ኬቪ ሞተር (ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ 1000 ዙር የሚዞር) 9×6 ይዞ በ3ኤስ 8,500 ዙር አካባቢ ይዞራል። 8,500 በ6 በ0.0015፣ ወደ 77 ኪሎ ሜትር በሰዓት። የእኛ መለማመጃ በክንፉና በክብደቱ ሲሰላ አየር ላይ መቆየት የሚያቅተው 26 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲወርድ ነው። የፕሮፔለሩ ፍጥነት የዚያ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ65 እስከ 78። 9×6 ልክ እዚያ ውስጥ ገባ። 10×4.5 ብናስርበት ግን ዙሩ ወደ 7,800 ይወርድና ፍጥነቱ 53 ላይ ይቀራል። ከእጅ ሲለቀቅ ደስ ይላል፣ ነፋስ ያለበት ከሰዓት በኋላ ግን ባለበት ይዋልላል። ነፋስ በማይበዛበት ጠባብ ሜዳ የሚበር ሰው 10×4.5ን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እኔ ግን ለዚህ አውሮፕላን 9×6ን እመርጣለሁ።

የፕሮፔለሩ ዓይነትም አለ። ስስ ሰፊ ምላጭ ያላቸው "ስሎው ፍላይ" የሚባሉት ለዝግተኛ ዙር የተሠሩ ናቸው። ወፈር ያለ ሥር ያላቸው "ኤሌክትሪክ" የሚባሉት ለፈጣን ዙር ናቸው። የአሜሪካው ፕሮፔለር አምራች ኤፒሲ ለሁለቱም ልክ አስቀምጧል። ለስሎው ፍላይ 65,000ን በኢንች ዲያሜትሩ ማካፈል ነው፤ ባለ 10 ኢንቹ ከ6,500 ዙር ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ለቀጭኑ ኤሌክትሪክ 150,000 ተካፋይ ነው፤ ባለ 9 ኢንቹ ከ16,000 በላይ ይፈቀድለታል። አሁን አስቡት፦ ብዙ ሰው ባለ 1000 ኬቪ ሞተርና 3ኤስ ባትሪ ላይ ባለ 10 ኢንች ስሎው ፍላይ ያስራል። ከልኩ በላይ ነው የሚያዞረው። ስም የሌላቸው ቅጂዎች ደግሞ ልካቸው እንኳ አይታወቅም። ስለዚህ የኢ (ኤሌክትሪክ) ምልክት ያለበትን ያዙ።

ቦታ ከጠበበ፣ ማለትም ፕሮፔለሩ መሬት ወይም አካሉን የሚነካ ከሆነ፣ ባለ ሦስት ምላጭ ውሰዱና ዲያሜትሩን በአንድ ኢንች ቀንሱ። ብቃቱ ትንሽ ይወርዳል፤ ሌላ አማራጭ ከሌለ ግን ይሠራል።

የጀርመኑ መልቲፕሌክስ ያወጣው ኢዚ ስታር የተባለ ሞዴል የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሞተሩ ከክንፉ በላይ ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠ ነው። ሲወጣ ባለ ብሩሽ (የድሮው ዓይነት) 400 ሞተርና 125 ሚሊ ሜትር ፕሮፔለር ነበረው። ከኋላው ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ 9 ኢንች አይታሰብም፤ 6 ኢንች አካባቢ ነው የሚገባው። እንዲህ ላለው አውሮፕላን ትንሽ ፕሮፔለር በፍጥነት የሚያዞር ሞተር ነው የሚፈለገው። ሌላም ነገር አለ። ግፊቱ ከላይ ስለሚመጣ ጉልበት ሲጨመርለት አፍንጫውን ወደታች ይደፋል። ሞተሩ ሲቀየር ማዕዘኑም አብሮ ይታያል።

አዲስ አበባ ለሚያበር፦ ሰንጠረዡ ለእናንተ አልተጻፈም

የሞተር አምራቾች የግፊት ሰንጠረዥ የሚለካው በአብዛኛው ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ያው ፕሮፔለር በያው ዙር የሚሰጠው ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። የሚጎትተው አምፔርም እንዲሁ። ሰንጠረዡ 13 አምፔር ብሎ እናንተ 11 ብታነቡ ሞተሩ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛ፣ አውሮፕላኑ አየር ላይ ለመቆየት የሚያስፈልገው ፍጥነት በ12 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። የእኛው መለማመጃ ባሕር ዳርቻ 26 የነበረው አዲስ አበባ 29 ይሆናል። ከእጅ ሲወረወር ጠንከር ማለት አለበት፤ ሲያርፍም ፈጠን ብሎ ነው። ጀማሪዎች "አውሮፕላኔ እንደ ቪዲዮው አይበርም" የሚሉት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጥሩው ነገር የሳሳ አየር ለፕሮፔለር ቦታ ይሰጣል። ሰንጠረዡ 9×6 ካለ እዚህ 9.5 ኢንች፣ ወይም በፒች አንድ ከፍ ያለ ማሰር ይቻላል፤ ሞተሩ የሚሸከመው ጭነት ተቀራራቢ ነው። ብቻ የሳሳ አየር ሞተርን በደንብ አያቀዘቅዝም። ስለዚህ አምፔሩ ልክ ቢሆንም ሙቀቱን እየነካችሁ አረጋግጡ።

አሜሪካ ዴንቨር ያላችሁም 1,600 ሜትር ላይ ስለሆናችሁ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይመለከታችኋል። ተገላቢጦሹም አለ። አዲስ አበባ ላይ ተለክቶ የተስማማ አውሮፕላን ዱባይ ሲወሰድ ያው ፕሮፔለር የበለጠ አምፔር ይጎትታል። በዚያ ላይ ሙቀቱ አለ። ከመብረር በፊት እንደ አዲስ ይለካ።

አራተኛ፦ ሞተር መግዛት ግድ ከሆነ

ሞተር ላይ 2212 ተብሎ ከተጻፈ 22 ሚሊ ሜትር የውስጠኛው የመዳብ ጥቅል ያለበት ክፍል ዲያሜትር፣ 12 ደግሞ ቁመቱ ነው። አንዳንድ ሻጮች ግን የውጭውን ቆብ ነው የሚለኩት። የ2212 የውጭ ዲያሜትር 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ አንዱ በ22 የጀመረውን ሌላው በ28 ሊጀምረው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ክብደቱን አወዳድሩ። ክብደት አይዋሽም። ለርካሽ ሞተር በግራም 3 ዋት ያዙ። 50 ግራም የሚመዝን 2212 እንግዲህ 150 ዋት በምቾት ይችላል። ለእኛ መለማመጃ ይበቃል። 180 ዋቱን ያለ ጭንቀት የሚፈልግ ወደ 2216 ከፍ ይበል።

ኬቪ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ነው የሚናገረው። ጭነት ሲገባ ከዚያ ሦስት አራተኛ ያህሉን ጠብቁ። 2212 በ1000፣ በ1400 እና በ2200 ኬቪ ይሸጣል። በ3ኤስ ባትሪ 1000ው ከ9 እስከ 10 ኢንች፣ 1400ው 8 ኢንች፣ 2200ው 6 ኢንች ያዞራል። "ትልቅ ቁጥር ይሻላል" ብሎ 2200 ገዝቶ 9 ኢንች የሚያስር ሰው ሞተሩን ወይም ስፒድ ኮንትሮለሩን በደቂቃ ውስጥ ያቃጥላል። ቅደም ተከተሉ መቼም አይገለበጥ፦ መጀመሪያ ለአውሮፕላኑ የሚስማማው ፕሮፔለር፣ ከዚያ እሱን የሚያዞር ኬቪ።

ሻጩ የልኬት ሰንጠረዥ ካላወጣ አትግዙ። ሰንጠረዡን ስታነቡ "ከፍተኛ ግፊት" የሚለውን ዝለሉት። የእናንተን ቮልትና የእናንተን ፕሮፔለር መስመር ፈልጉ፣ አምፔሩን እዩ። "13 አምፔር ለ60 ሰከንድ" ከተባለ ያ የአጭር ጊዜ ልክ ነው። እንደ ሰኒስካይና ኢማክስ ያሉት አምራቾች ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ከአሥር ዶላር በታች የሚሸጠው ኤ2212 ደግሞ አንድ ስም ይኑረው እንጂ የሚሠሩት ብዙ ናቸው፤ ጥራቱም ያው አይደለም። መጥፎ ነው አልልም፣ በእሱ የተማረ ሰው ስፍር ቁጥር የለውም። ሲደርሳችሁ ግን በጣት አዙሩት። ኩሽኔታው ቢንኮሻኮሽ፣ ቆቡ ወዲያ ወዲህ ቢል፣ ዘንጉ ሲዞር ጫፉ ክብ ቢሠራ መልሱት።

ባለ ብሩሽ ሞተር ያለው የድሮ አውሮፕላን ያላችሁ ለውጡን አትፍሩ። 400 የሚባለው ሞተር 70 ግራም ገደማ ይመዝናል። 50 ግራም 2212 በቦታው ሲገባ አውሮፕላኑ ቀልሎ ጉልበቱ ይበረታል። ስፒድ ኮንትሮለሩ ግን አብሮ ይቀየራል፤ የብሩሹ ሁለት ሽቦ ነው፣ ብሩሽ የሌለው የብረሽለሱ ሦስት።

ከተሰበረ ድሮን የተረፈ ሞተርም መልካም ነው። ባለ 920 ኬቪ 2212 ብዙ ቦታ ይገኛል። ዘንጉ ላይ በራሱ የሚጠብቅ ጥርስ ካለው ግን ከአራቱ ሁለቱ ብቻ ናቸው የሚሆኑት። የተለመደ ፕሮፔለር ከፊት ሲታይ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚዞረው። በዚያ አዟዟር የሚጠብቀውን እንጂ የሚፈታውን አትምረጡ።

አምስተኛ፦ ስፒድ ኮንትሮለርና ባትሪ

ከለካችሁት አምፔር በላይ ሩብ ያህል ትርፍ ይኑረው። 16 አምፔር ለሚጎትት 20 ይችላል፤ 30 ግን ዋጋው ብዙ ስለማይለይ እሱን ውሰዱ። 30 አምፔር የሚችል ኮንትሮለር 30 አምፔር አይገፋም፤ ሞተሩ የጠየቀውን ብቻ ነው የሚሰጠው።

የሚረሳው ሰርቮዎቹን (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅሱ ትንንሽ ሞተሮችን) የሚያበላው ክፍል ነው። ርካሾቹ ላይ ያለው ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ነው የሚቀይረው። 12 ቮልት ወደ 5 ሲወርድ፣ ሰርቮዎቹ 1 አምፔር ከሳቡ 7 ዋት ሙቀት ነው። አራት ትንንሽ ሰርቮ በ3ኤስ ደህና ነው። ወደ 4ኤስ የሚሄድ ሰው ግን ለብቻው የሆነ ስዊቺንግ ቤክ (ብዙ ሳይሞቅ ቮልት የሚያወርድ) ይጨምር። ሪሲቨሩ (የሬዲዮ ተቀባዩ) አየር ላይ ከጠፋ አውሮፕላኑም አብሮ ይጠፋል። ደግሞ 4ኤስ ላይ ያንኑ ፕሮፔለር አታስሩ፤ አምፔሩ 1.8 እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

የባትሪውን "ሲ" በግማሽ ቁጠሩት። 2200 ባትሪ 20ሲ ቢልም 2.2 በ20 ተባዝቶ የሚመጣውን 44 ሳይሆን 22 አምፔር ብላችሁ ያዙ። ለእኛ ይበቃል።

ስድስተኛ፦ አሳሰር

እዚህ ላይ ዕቃ የሚያበላሽ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ሞተሩ ከመስቀል ቅርጽ መያዣው ጋር የሚታሰረው በ3 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው። ብሎኑ በ2 ሚሊ ሜትር ከረዘመ ውስጥ ገብቶ የመዳብ ጥቅሉን ይጫነዋል። የሽቦው ሽፋን ይላጥና ሞተሩ ገና ሳይበር ሾርት ያደርጋል። ስለዚህ ከማሰራችሁ በፊት የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ቀዳዳው ውስጥ አስገቡ፤ ጥቅሉን እስኪነካ ድረስ። ያን ጥልቀት በጥፍራችሁ ይዛችሁ ከብሎኑ ጋር አስተያዩት። የመያዣውን ውፍረት ደምሩ። ብሎኑ ከረዘመ ሮንዴላ ጨምሩ ወይም አሳጥሩት። ካሰራችሁ በኋላ ሞተሩን በእጅ አዙሩ፤ የሚፍቅ ድምፅ መኖር የለበትም።

ብሎን ማጥበቂያ ፈሳሹ ብረት ከብረት ጋር ሲገናኝ ብቻ ይደረግ። ፕላስቲክ ላይ ከነካ ያሰነጥቃል።

የኤ2212 ዘንግ 3.17 ሚሊ ሜትር ነው። የፕሮፔለር መያዣ ስትገዙ 3 ሚሊ ሜትር የሚለው አይገባም፣ 4 የሚለው ይላወሳል። የፕሮፔለሩ ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ አብሮት በሚመጣው የፕላስቲክ ቀለበት አጥብቡት። ጠባብ ከሆነ በጭፍን አትብሱት፤ ከመሃል ትንሽ ከሳተ መንቀጥቀጡ አይጠፋም። ጽሑፉ ያለበት ፊት ወደ በረራው አቅጣጫ ይዙር።

ፕሮፔለሩን ሚዛን አስይዙት። ቀጭን ዘንግ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ ሁለት ለስላሳ ጠርዝ ላይ አስቀምጡት። የከበደው ምላጭ ይወርዳል። የቀለለው ጀርባ ላይ ትንሽ ስኮች ለጥፉ፣ ወይም የከበደውን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ፍቁ። ሳይወርድ ሳይወጣ በየትም ቦታ ሲቆም አበቃ። ሚዛን የሌለው ፕሮፔለር ኩሽኔታ ይበላል፣ የሰርቮ ጥርስ ያላላል፣ ስታኞ ያላቅቃል። የተጫረ ወይም የተሰነጠቀውን ማጣበቂያ አትቀቡት፤ ጣሉት።

ሞተሩ በግልባጭ ከዞረ ከሦስቱ ሽቦዎች ማናቸውንም ሁለት አለዋውጡ። ይህን ስትሞክሩም ሆነ ስሮትሉን ስታስተካክሉ ፕሮፔለሩ ይፈታ።

ጉልበት ሲጨምር አውሮፕላኑ ወደ ግራ መሳብና አፍንጫውን ማንሳት ይጀምራል። ከፊት ለሚጎትት ሞተር ወደ ቀኝ 2 ዲግሪ፣ ወደታችም 2 ዲግሪ ያህል መስጠት ይለመዳል። መያዣው ሥር አንድ ሁለት ሮንዴላ ማስገባት ይበቃል።

ክብደት ከተለወጠ የሚዛን ማዕከሉም ይንቀሳቀሳል። አዲሱ ሞተር በ30 ግራም ቢከብድና ከማዕከሉ 25 ሴንቲ ሜትር ፊት ቢቀመጥ፣ ሁለቱ ሲባዙ 750 ይመጣል። 180 ግራም በሆነው ባትሪ ለማመጣጠን 750ን ለ180 አካፍሉ፤ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። እርሳስ ጨምሮ ከማክበድ ይህ ይሻላል።

ሰባተኛ፦ እንደገና ለኩ፣ ከዚያ አብሩ

ያን የመጀመሪያ ልኬት ድገሙት። ዋቱ ከ135 እስከ 180 ውስጥ ከገባ፣ አምፔሩም ከሞተሩም ከኮንትሮለሩም ልክ በታች ከሆነ ተዘጋጅቷል። አየር ላይ ፕሮፔለሩ ቀለል ስለሚለው አምፔሩ ከዚህ ትንሽ ይወርዳል።

መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ አብሩ፤ አሳርፉና ሞተሩን ንኩ። ጣት ለጥቂት ሰከንድ እንኳ መቆየት ካቃተው ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። ተራ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ በኋላ ኃይሉን ለዘለቄታው ማጣት ይጀምራል። አንዴ የተዳከመ ሞተር ደግሞ ለዚያው ሥራ የበለጠ አምፔር እየጠየቀ ይሄዳል። ከሞቀ ፕሮፔለሩን በአንድ ፒች ቀንሱ፣ ወይም አፍንጫው ላይ የአየር ማስገቢያ ክፈቱ። መውጫው ከመግቢያው ሰፋ ይበል።

ሰዓት ቆጣሪውም ይስተካከል። 2200 ባትሪ 80 በመቶው ብቻ ቢወጣና ሁልጊዜ 13 አምፔር ቢጎተት 8 ደቂቃ ነው። ስሮትሉን ለሚቆጥብ ከዚያ በላይ ይሄዳል። መጀመሪያ 6 ላይ አድርጉት፤ ስታርፉ ባትሪውን በቴስተር ለኩና በአንድ ሴል ከ3.8 ቮልት በላይ ከቀረ ደቂቃ ጨምሩ።

አሜሪካ ያላችሁ ክብደቱን በድጋሚ እዩ። ለመዝናኛ የሚበር ሞዴል 250 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ በኤፍኤኤ (የአገሪቱ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት) መመዝገብ አለበት። ትንሽ አውሮፕላን ላይ የተጨመረ ሞተርና ባትሪ ያን መስመር ሊያሻግር ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በርቀት የሚመራ በራሪ ነገር ማስገባትም ማብረርም ፈቃድ የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ።

የፕሮፔለሩ ዳዶ ከመጀመሪያው በረራ በኋላ ይላላል፤ አዲሱ ፕላስቲክ ስለሚጨመቅ ነው። ሁለተኛውን ባትሪ ከመሰካታችሁ በፊት አጥብቁት።